የቱ ኸላስ ነው?

የተከበራችሁ የዶክተር ኛማል ቤተሰቦች፤ የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፤ ፓስተር ሉቃስ፤ የሆስፒታል ባልደረቦቿ፤ በጠዋት ድልድዩን ተሻግራችሁ የመጣችሁ የጉምቦ እናቶች፤ ሱቃችሁን ዘግታችሁ ከጎናችን የቆማችሁ ሙስሊም ወንድሞቻችን፤ ሁላችሁም እንደየክብራችሁ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ያጽናን።

የኔነሽ እባላለሁ። እዚህ ጁባ፣ አማራት ሰፈር ምግብ ቤት ያለኝ፣ ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ የኔነሽ ነኝ። በኑዌርኛ ወንድሟ ተናግሯል። በእንግሊዝኛ የምክር ቤቱ ሰዎች ተናግረዋል። አማርኛው ለምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ መልሱ የራሷ ነው። ኛማል ጋምቤላ አድጋ፣ ጅማ ሕክምና ተምራ፣ ለቁጣም ለቀልድም አማርኛ የሚቀናት ሰው ነበረች። "በሌላው ቋንቋ አልቅሱልኝ፤ በአማርኛ ግን የኔነሽ ታስቃችሁ" ብላ አዝዛለች። የሟች ቃል አይሻርምና ቆሜያለሁ።

ደግሞም "እሳቸው" አልላትም። አንድ ቀን ሰው ፊት አንቱ ብላት፣ "ምነው፣ የሞትኩ መሰለሽ እንዴ?" ብላ ተቆጣችኝ። ዛሬ ሞታለች። ቢሆንም አልደፍርም።

ወገኖቼ፣ ሰው ቀብር ላይ ቆሞ እፎይ ይላል? ነውር አይደለም? እኔ ግን ዛሬ እፎይ ብያለሁ። አልቅሻለሁ፤ ዓይኔን እዩት። ከእንባው ሥር ያለው ግን እፎይታ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

ኛማልን ያወቅኋት በአስቸጋሪ ደንበኝነቷ ነው። የሷ ትዕዛዝ ሁለት ጊዜ ነበር ከኩሽና የሚወጣው። ሽሮ ታዛለች። ሽሮው እየተንተከተከ ይቀርባል። ገና አንድ ጉርሻ ሳታነሳ፣ ከጎን ጠረጴዛ ሕፃን ያስላል። ትነሳለች። "ልጁስ? ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያደርገው?" ደረቱን ታዳምጣለች፣ ዓይኑን ትገልጣለች፣ እናቲቱን ትመረምራለች። ስትመለስ ሽሮው ረግቷል። "የኔነሽ፣ አሙቂልኝ።" አሞቅላታለሁ። ደግሞ ሌላ ሕፃን ይገባል። እኔማ ልጅ ያዘለች ሴት በር ላይ ሳይ "ዛሬ ምግብ አልቋል" ልል ይዳዳኝ ነበር። ገበያዬን ጠልቼ አይደለም፤ ይቺ ሴትዮ አንድ ቀን እንኳ ትኩስ ምግብ ትብላ ብዬ ነው። አልሆነልኝም።

የጉምቦ ሰዎች፣ ያንን ድንኳን ታስታውሱታላችሁ? ቆዩ፣ ገና አትሳቁ! ለማያውቁት ልንገራቸው።

ናዝራዊት ይቻትና፣ እዚህ ቆማለች። ያኔ ከሀዋሳ ገና መምጣቷ ነው። የጁባ አረብኛ አታውቅም። ጡት የምትጠባ ልጇ ትሕትና በተቅማጥ ደከመችባት። ከጉምቦ ቦዳ ሞተር ላይ ወጥታ፣ ድልድዩን ተሻግራ፣ ሆስፒታል ደረሰች። ኛማል ጉሉኮስ ሰክታላት ከአጠገቧ አልተለየችም። ሲነጋ ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። ናዝራዊትም ደስ ብሏት የልጇን ጨርቅ ልታጥብ ወጣ አለች። ስትመለስ አልጋው ባዶ ነው። ፍራሹ ተጠርጓል። ልጅ የለችም። የጽዳት ሠራተኛዋን "ልጄስ?" አለቻት በምልክት። ሴትዮዋ ሁለት መዳፏን እንዲህ አራገፈችና፣ "ኸላስ!" አለቻት።

እናንተ የጁባ ሰዎች ይሄን ቃል ቀኑን ሙሉ ነው የምትሉት። ሴትዮዋ ሕክምናው አለቀ፣ ልጅሽ ድናለች፣ ሌላ ክፍል ተዛውራለች፣ ሄደሽ ውሰጃት ማለቷ ነበር። ናዝራዊት ግን ከአረብኛ የምታውቀው ይቺኑ አንዷን ቃል ነው። ጎረቤት ጠይቃ "አለቀ ማለት ነው" ተብላለች። እስቲ ፍረዱ! እኛ ዘንድ ልጅ ታሞ "አለቀ" ከተባለ ምን ማለት ነው? በዚያ ላይ እጅ ተራግፎ?

ሬሳዋን አሳዩኝ እንኳ አላለችም። እየጮኸች ጉምቦ ገባች። እኛስ? ሐበሻ ጩኸት ሲሰማ መቼ ይጠይቃል? ድንኳን ይተክላል እንጂ! ነጋዴው ከቢር ከጅምላ ሱቁ ሸራና ወንበር አወጣ። እኔ ንፍሮ ጣድኩ። ነጠላችንን አዘቀዘቅን። ወንዶቹ ሬሳዋን ማን ሄዶ ያምጣ እያሉ ይማከራሉ።

ይሄኔ ኛማል ሆስፒታል ውስጥ እናት ፍለጋ ላይ ናት። እናት የለችም። ቢቸግራት ልጅቷን አቅፋ ቦዳ ላይ ወጣችና "ጉምቦ፣ ሐበሾቹ ጋ" አለች። ስትደርስ ድንኳን አየች። ኛማል ለቅሶ አይታ የምታልፍ ሰው አይደለችም። ልጅቷን እንዳቀፈች ጎንበስ ብላ ገባች። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። አንገቷን ደፋች። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለች። ከዚያ ወደ ከቢር ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችው።

"ማን ነው የሞተው?"

"የናዝራዊት ልጅ።"

"የቷ ናዝራዊት?"

"ያቻት፣ ጥግ ላይ ፊቷን የሸፈነችው።"

ኛማል ቀና አለች። ወደ ጥጉ አየች። ጭኗ ላይ ያለችውን ልጅ አየች። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የሞተችው ይቺ ናት?" አለች።

ያ ድንኳን የሆነውን ልናገር አልችልም። ናዝራዊት ራሷን ሳተች። ትሕትና በእልልታው ደንግጣ ለቅሶዋን አቀለጠችው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ደስ ያለኝ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ንፍሮው የምሥጋና ሆነ። ከቢርም "እንግዲህ ወንበሩን ለምርቃቷ አምጥቼ እደረድረዋለሁ" አለ። ትሕትና ያቻትና፣ በቁመት እናቷን አልፋለች።

ኛማል ከሁላችን በላይ ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ግን ተቆጣች። "ስሚ የኔነሽ፣ ድልድዩ ተጨናንቆ ቢሆን ኖሮ ይሄ ድንኳን የእውነት ነበር። ከወንዙ ወዲህ ስንት እናት አለ? ልጆቹስ?" ወደ ፖለቲካ የገባችው በዚያች ቁጣ ነው። ሐኪም ከፖለቲካ ምን አላት ተባለ። ሥልጣን ጠምቷት ነው ተባለ። እኔም ራሴ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ብያታለሁ። አልሰማችኝም። ባለመስማቷም ደስ ይለኛል።

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ እናንተ ምስክር ናችሁ። ስለ መንገድ ስታወሩ ምን አለቻችሁ? "ልጆቹስ?" ስለ ነዳጅ ስታወሩስ? "ልጆቹስ?" "ዶክተር ልጆቹስ" ብላችሁ ስም ያወጣችሁላት እናንተው አይደላችሁም? ጉምቦ ላይ የሕፃናት ክሊኒክ እንዲሠራ ለመነች፣ ተጣላች፣ ታረቀች፣ እንደገና ተጣላች። የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ተጨበጨበ። ከዚያ ዝም! ሌላ ሹም መጣና ከድንጋዩ አጠገብ ሌላ ድንጋይ ጣለ። እንደገና ተጨበጨበ። የሰፈሩ ፍየሎች እየወጡ ይቆሙበት ጀመር። "መቼም ፍየሎቹ ተጠቅመዋል" ብዬ ብቀልድባት፣ ፈገግ እንኳ አላለችም። በክሊኒኩ ነገር የተናደደች መስሎኝ ነበር። ለካ ሰውነቷም ታሟል።

አትላባራ ሰፈር፣ ቤቷ ተኛች። ሐኪም ናትና የሚሸነግላት የለም። የሚያስጨንቃት ሞት አልነበረም። በመጨረሻ የክሊኒኩ ግድግዳ ቆሟል፣ ጣራው ለብሷል፤ በሩ ግን እንደተቆለፈ ነው። "ሳይከፈት ከሄድኩ ያ ቤት የአንዱ መጋዘን ይሆናል" ትላለች። ሌት ተቀን የምትለው ይሄንኑ ነው። እኔም የፈራሁት ይሄንኑ ነው። ዓይኗ በር በሩን እያየ እንዳትሄድብኝ! አንዳንድ ዘመድ "ተከፍቷል በሏትና በሰላም ትረፍ" አለ። ለበጎ ነው። ግን ማን ችሎ ይዋሻታል? "ልጆቹስ? ማን ታከመ?" ብላ ስትጠይቅ ምን ልንል ነው?

ባለፈው ሰኞ ሾርባ ይዤላት ሄጄ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ስልኬ ጮኸ። ናዝራዊት ናት። ናዝራዊት አሁን ለክሊኒኩ እናቶች አስተርጓሚ ሆና ተቀጥራለች፤ ኛማል ናት "ከእሷ ሌላ እንዳትቀጥሩ" ያለችው። ናዝራዊት "ድምፁን ክፈቺው" አለችኝ። ከፈትኩት።

"ዶክተርዬ፣ በሩ ተከፈተ!"

ኛማል አላመነችም። "ውስጥ ማን አለ?" አለቻት።

"ሐኪሙም ነርሶቹም አሉ። ኦክስጅኑም ይሠራል።"

"ልጆቹስ?"

ናዝራዊት ስልኩን ወደ አልጋው አስጠጋችው። አንድ ሕፃን፣ መርፌ ሳይወጉት አይቀርም፣ ሰፈር የሚቀሰቅስ ለቅሶ ለቀቀው። ኛማል ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ልጁ አየር ስቦ እንደገና እስኪጮኽ አዳመጠች። "የዚህ ሳንባ ደህና ነው" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ሾርባው ቀዘቀዘ?"

"ኧረ ትኩስ ነው።"

"እንግዲያው ስጪኝ።"

ወገኖቼ፣ በትኩሱ ጠጣችው! እስከ መጨረሻው። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ።

ትናንት ማለዳ እጇን ይዤ ነበር። ቀስ ብላ "ኸላስ" አለች። ጎንበስ አልኩና፣ "የቱ ኸላስ ነው? የናዝራዊት ነው ወይስ የጽዳት ሠራተኛዋ?" አልኳት። ሳቀች። በእግዚአብሔር ፊት ነው የምናገረው፣ ሳቀች። "የጽዳቷ" አለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ታዲያ እፎይ ብል ትፈርዱብኛላችሁ?

ኛማል፣ እህቴ፣ አስቸጋሪዋ ደንበኛዬ፤ ድንኳን ተክለንልሻል። የዛሬው ስህተት የለበትም። ከቢር ወንበሩን አውጥቷል፤ ንፍሮውን እኔው ቀቅያለሁ። ልጅ አቅፈሽ፣ ጎንበስ ብለሽ ገብተሽ "ማን ነው የሞተው?" የምትይ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ወደ መግቢያው አየሁ! አልመጣሽም። ይሁን።

"ልጆቹስ?" እንደምትይ አውቃለሁ። ጠዋት የጉምቦ እናቶችን ይዤ ስመጣ በክሊኒኩ በኩል ነው ያለፍነው። በሩ ክፍት ነው። እናቶች በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ኛማል። የሚያለቅሱትም በደህና ሳንባ ነው የሚያለቅሱት።

አልጋሽ ባዶ ነው፣ ፍራሽሽም ተጠርጓል። እኛ ግን እንደ ናዝራዊት አንሳሳትም፤ ሌላ ክፍል ተዛውረሽ ነው። በሰላም ሂጂ። አፈርሽን በእጄ በትኛለሁ፤ መዳፌን ደግሞ እንዲህ አራግፋለሁ።

ኸላስ፣ ኛማል። የጽዳቷን ነው።