ለቤቲ የመጣው ጎራዴ

አባቴ ከጎጃም አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ድረስ ሊጠይቁን መጡና፣ አሥራ አምስት ዓመት ለሞላት ልጄ ለቤቲ በጋቢ የተጠቀለለ ረጅም ስጦታ ሰጧት። ስትፈታው ከአያታቸው የወረሱት ጎራዴ ነው፤ እውነተኛ፣ የተሳለ!

«አባዬ፣ ምን ነካዎት? ልጅ እኮ ናት!» አልኳቸው።

«ልጅስ አይደለችም፤ አንቺ ነሽ እንዳታድግ የያዝሻት» አሉኝ።

እኛ ስንከራከር ቤቲ በደስታ ከሰገባው መዘዘችና አንዴ ሰነዘረችው። ጫፉ በተቀመጡት አያቷ ጆሮ አጠገብ አልፎ መጋረጃውን ለሁለት ቀደደው።

ልጮህባት አፌን ስከፍት፣ እሷ ጎራዴውን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። «አባባ፣ ስጦታዎን በጣም ወድጄዋለሁ። ግን አያያዙን እስኪያስተምሩኝ ድረስ እማዬ ትቆልፍበት» አለች፤ እንባዋ መጣ።

አባቴ ስበው አቀፏትና ግንባሯን ሳሟት። «ሳላስተምር የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ምን አጠፋሽ?» አሏት።

በማግስቱ ሊሄዱ የነበሩት ሰውዬ እሷን ሊያስተምሩ ብለው ወር ሙሉ ሰነበቱ። እኔ ስለምናቸው እኮ ከሁለት ቀን በላይ አድረው አያውቁም!