ልብስ ሰፊዋና ያልታዩት እንግዶች

የጎረቤት ልጅ የተበላሸ ዚፕ ልታስቀይር ጎራ ባትል ኖሮ፣ ያን ቀን በልብስ ሰፊዋ ሱቅ ጉድ ይፈላ ነበር። ልጅቷ ኮምፒውተር የተማረች ናት። ዚፑ እስኪፈታ ደንበኞች የልብስ ሞዴል የሚመርጡበትን ኮምፒውተር ስትነካካ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እትዬ፣ በወደብ ከተማዋ ቤት የሚከራየው ማነው?»

ልብስ ሰፊዋን መርፌው ወጋት። የእህቷ ልጅ ከሚደበድባት ባሏ አምልጣ ነገ ወደዚያች ከተማ ልትሄድ ነው፤ ትናንት በዚሁ ኮምፒውተር ቤት ስታፈላልግ ነበር። ባልየው «የትም ብትገባ አገኛታለሁ» ብሎ ምሏል። ዛሬ ደግሞ ሱሪውን ሊወስድ ይመጣል።

«ማን ነገረሽ?»

«ማስታወቂያው። የቀሚስ ገጽ ብከፍት ዳር ዳሩ የዚያ ከተማ ኪራይ ቤት ብቻ ነው።»

«ኧረ ተይኝ! ማስታወቂያ ለሁሉም ነው የሚወጣው።»

«ይኸው በኔ ስልክ፣ ያው ገጽ ጫማ ነው የሚያሳየኝ። ሰሞኑን ጫማ ስፈልግ ነበራ! ድረ ገጾች ኩኪ የሚባል ትንሽ ምልክት ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ አስተዋዋቂው በዚያ እየለየ ከገጽ ገጽ ይከተላል። ገጹ ‹ሁሉንም ተቀበል› ሲልዎ እሺ ይላሉ እንዴ?»

«እና! ልግባ ብሎ ደጅ የቆመን እምቢ ልበል? እንዲህ አላደግኩም።»

«ይሄ እንግዳ ያየውን ለሌላ የሚያወራ ነው፣ እትዬ። ይባስ ብሎ…» አንድ ቦታ ስትጫን የልብስ ሰፊዋ የእህት ልጅ ኢሜይል ያለ ይለፍ ቃል ወለል ብሎ ተከፈተ። «ስትጨርስ ከኢሜይሏ አልወጣችም። መግቢያዋን የያዘው ኩኪ እዚሁ ስላለ፣ እዚህ የተቀመጠ ሁሉ እሷን ሆኖ ይገባል።»

ልብስ ሰፊዋ ሥራዋን ጣለች። ግትር ናት እንጂ ሞኝ አይደለችም።

«አጥፊልኝ! ቶሎ በይ፣ ልጄ!»

ልጅቷ ከኢሜይሉ ወጣች፤ ኩኪውንም የተጎበኙትን ገጾች ዝርዝርም ጠረገች። ገና ከወንበሩ ሳትነሳ ባልየው በሩን ሞልቶ ገባ።

«እትዬ፣ ሚስቴ እዚህ ትመጣ የለ?» አለና ልጅቷን ገፋ አድርጎ ማውሱን ያዘ።

ልብስ ሰፊዋ የልቧ ምት እንዳይሰማ የስፌት መኪናውን ጨርቅ በሌለበት ረገጠችው። የሚስቱን ኢሜይል ሊከፍት ሞከረ፤ ይለፍ ቃል ጠየቀው። ሌላ ገጽ ከፈተ፤ የሳሙና ማስታወቂያ ወጣ። ማውሱን ለቀቀ።

«ሱሪዬን» አለ በመጨረሻ።

የእህቷ ልጅ በሰላም ደረሰች፤ የት እንዳለችም ባልየው እስካሁን አላወቀም። ልብስ ሰፊዋ አሁን ገጹ እንዲሠራ አስፈላጊ ከሆነው ኩኪ በቀር ሌላውን እምቢ ትላለች፤ ኢሜይሉን የከፈተን ደንበኛ ከውስጡ ሳይወጣ ከወንበር አታስነሳም፤ ማታ ማታም ኮምፒውተሩን ትጠርጋለች። «የምንደብቀው ወንጀል የለን፣ ምን ያስፈራናል?» ብለው ለሚስቁባት መልሷ አንድ ነው።

«ልብስ የምንለብሰው ወንጀል ስላለብን ነው እንዴ?»