ሁልጊዜ ቁልቁለት የምትሄደው ቫን

«እንዴት ዋልክ ወንድሜ? ሥራ እንዴት ነው? ፀሐይዋም ዛሬ አደብ ገዝታለች… አይ፣ ወንበሩ ይቅርብኝ፣ ቆሜ ይሻለኛል።»

ኬክ ጋጋሪዋ ይህን ለጎሚስታው ስትለው ድምፅዋ ማር ነበር። አሮጌዋ ቫኗ ጠዋት የፊት ጎማዋ ፈንድቶ ክሪክ ላይ ወጥታለች፤ ቤት ደግሞ ለከሰዓት ሠርግ የታዘዘ ባለ አራት ደርብ ኬክ ይጠብቃታል። ከግድግዳው ሥር፣ የባሏ ታላቅ ወንድም ጋዜጣ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ወደ ሁለት ትንንሽ የሚያብለጨልጩ ጎማዎች በጣታቸው ጠቁመው «እነዚህን ከፊት ግጠም» ብለው ጨርሰዋል። እሳቸው ከተናገሩ ቤት ውስጥ ማንም ቃል አይመልስም፤ ባሏ እንኳ ጫማውን ነው የሚያየው። ግን እነዚያ ጎማዎች ከተገጠሙ ኬኩ አለቀለት። ለልጅ እየነገሩ ምራትን ማሰማት የቆየ ነው፤ ዛሬ ግን ተናጋሪዋ ራሷ ምራቲቱ ናት። ጀርባዋን ለጋዜጣው ሰጥታ ድምፅዋን ትንሽ ከፍ አደረገች።

«እኔማ ስለ ጎማ ምን አውቃለሁ? የኔ እውቀት ክሬም ነው። ግን አንድ ትልቅ ሰው አሉ… አታውቃቸውም፣ ሩቅ ናቸው። እንደሳቸው ያለ አእምሮ መቼም የለም! ይኸው እስከ ዛሬ ሳይነኩት አስቀምጠውት፣ እንደ አዲስ ነው። ባለፈው ለአንዲት አሮጌ ቫን ጎማ መረጡላት። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ከፊት ትንንሽ፣ ከኋላ ትልልቅ! ለምን በለኛ… መኪናዋ ሁልጊዜ ቁልቁለት ስለምትሄድ ነዳጅ ትቆጥባለች! አየህ? አንተ ይሄን ሁሉ ዘመን ጎማ ስትነቅል ስትገጥም አስበኸው ታውቃለህ? ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከየት አምጥቶ ያስባል?»

ጎሚስታው ሳቁን ለመዋጥ ቸርኬው ላይ አጎነበሰ። ከጋዜጣው ጀርባ ጉሮሮ ተጠረገ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ እሰማ ነበር… ኬክ ሆኖ ሲሄድ ያየሁት ግን በዚያች ቫን የሠርግ ኬክ የጫንን ቀን ነው። በደህናው ሜዳ፣ ፍሬን እንኳ ሳይያዝ፣ ሸርተት ሸርተት ብሎ መጥቶ ከፊት የተቀመጡትን የኚያን ሰው ማጅራት አቀፈው። ኬክም ሰው ያውቃል! ክሬሙ ደግሞ እንዴት እንዳማረባቸው… ከአንገታቸው በላይ ቁም ነገር ያየነው ያኔ ነው።

«አሁን ደግሞ የሚያብለጨልጭ ጎማ ይወዳሉ አሉ። እውነታቸውን ነው! የጫማ ቀለም የተቀባ ጎማ መች ይጠላል? ጎኑ ቢሰነጣጠቅስ? ለትንሽ የቤት መኪና የተሠራ ቢሆንስ? አሮጊቷ ቫን ከነሸክሟ ስትቀመጥበት ቢተነፍስስ? ምን አለበት፣ ዋናው ማማሩ ነው። እሳቸውስ ቢሆኑ ከሩቅ ሲታዩ ምክር ያለባቸው አይመስሉም? ሽማግሌ ባለበት ምክር አይጠፋም ይባላል… አዎ፣ ምክሩስ አልጠፋም፤ የጠፋው ኬኩ ነው።

«እና ወንድሜ፣ ሞኝነቴን ታገሰኝና አራቱም እኩል የሆኑ፣ ጎናቸው ወፍራም፣ ጭነት የሚችሉ፣ ያልደረቁ ብትገጥምልኝስ? ባያብለጨልጩም ግድ የለኝም። ግን እንደ እኔ ያለች ደፋር… ታላቅ የመረጠውን ትታ እንዲህ ብትል ነውር ይሆን እንዴ?»

ጎሚስታው ዓይኑን ወደ ጋዜጣው ወረወረ። ጋዜጣው ቀስ እያለ ከፍ፣ ከፍ አለና ባርኔጣቸውን ጭምር ሸፈነ። ከጎኑ አንዲት እጅ ብቅ ብላ «የፈለጋችሁትን አድርጉ» በሚል አየሩን ገፋች። ጎሚስታው የሚያብለጨልጩትን ወደ ጥግ አንከባለላቸው። ኬክ ጋጋሪዋ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። እዚያው ዝም ብትል ይበቃት ነበር፤ እሷ ግን ካልመረቀች አይሆንላትም።

«ተባረክ ወንድሜ! እኚያንም ትልቅ ሰው ፈጣሪ ይጠብቅልን። ያለ እሳቸው እኮ ቤታችን ቤት አይሆንም። ረጅም ዕድሜ ይስጥልን… እኛን ሁላችንን በየተራ ቀብረው የሚቀሩበት ዕድሜ ይስጣቸው። ደግሞ እሳቸው በሚመርጡት ጎማ ከሄድን… ብዙም አናስጠብቃቸውም።»