መስመሩና ምስክሩ

አያ አዝመራው ከአዘና ወደ እንጅባራ በሚሄደው ሚኒባስ የተሳፈሩት ልጃቸውን ከትምህርት ክፍሏ ሊያስነሡ ቆርጠው ነበር። ያለምወርቅ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ነርስ ትሆናለች ሲሏት ሳይኮሎጂ መግባቷን ከሰሙ ወዲህ እህል አልዋጥ ብሏቸው ሰንብቷል።

አጠገባቸው አንዲት ወጣት ሴት የተጠቀለሉ ካርቶኖች ጭኗ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። ሽማግሌው ጨዋታ አዋቂ ናቸውና ሰላምታው ሳያልቅ የመጡበትን ጉዳይ ዘርግፈው ነገሯት።

"የሰውን ልብ የሚያውቅ አንድ እግዚአብሔር ነው፤ እኔ ሠላሳ ዓመት ሰው ሳስታርቅ የኖርሁት ደብተር ይዤ አይደለም" አሉ።

ሴትዮዋ ሰምታ ከጨረሰች በኋላ ፈገግ ብላ፣ "አባቴ፣ ያለምወርቅን የማስተምራት እኔ ነኝ፤ ምሥራቅ እባላለሁ" አለቻቸው።

አያ አዝመራው አፈሩ፤ ከቃላቸው ግን አልተመለሱም። እሷም አልተቀየመች። ይልቁን ሲያስታርቁ እውነቱን ከሐሰቱ እንዴት እንደሚለዩ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም የቅርቡን ነገር አወሩላት። ከጥምቀት በፊት፣ በአንድ ማለዳ፣ የመንደራቸውን ሰው የወገኔን ፈረስ ጭራ አንድ ሰው ቆረጠው። በአገው ምድር የፈረስ ጭራ መቆረጥ ለባለቤቱ ፊት ላይ እንደ መመታት ነው። አምስት ምስክሮች በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በሕዝብ ፊት ተራ በተራ ቆመው "የቆረጠው ጎረቤታችን እንየው ነው" አሉ። እንየው "አላደረግሁም" ቢልም በበዓል ከፈረሰኞቹ ጋር እንዳይሰለፍ፣ በእርሻ በሚተጋገዙበት በወንፈልም ማንም እንዳያግዘው ተፈረደበት።

"አንዱ ሲመሰክር ሌላው ይሰማ ነበር?" አለች ምሥራቅ።

"እውነት በአደባባይ ነው የሚነገር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ። ድሩ ግን አንበሳውን ማሰሩን እንጂ፣ አንበሳው ጥፋተኛ መሆኑን አይነግረንም።"

ሽማግሌው እንዲህ ያለ መልስ ከልጅ ሰምተው አያውቁም። ምሥራቅም ክርክሩን ትታ፣ ልጃቸውን ከመውሰዳቸው በፊት የዕለቱን ትምህርት ተቀምጠው እንዲያዩ ጋበዘቻቸው። እሺ አሉ፤ ምን እንደሚያስተምሩ አይቶ መንቀፍም አንድ ነገር ነውና።

ከክፍሉ ፊት ሰባት ወንበር ተደርድሯል። ስድስቱ ላይ የተቀመጡት ተማሪዎች የሚሉት አስቀድሞ ተነግሯቸዋል፤ በመጨረሻው ወንበር የሚቀመጠው ግን ምንም አያውቅም። አርፍዳ መጥታ ያንን ወንበር የያዘችው ያለምወርቅ ሆነች። አባቷ ከኋላ መቀመጣቸውንም አላየችም። ምሥራቅ ይህን ስታይ አመነታችና ወደ ሽማግሌው ሄዳ ነገሩን በጆሯቸው ነገረቻቸው፤ ቢከፋቸው ሌላ ተማሪ እንደምትተካም ጨመረች።

"ተዪያት፣ የእኔ ልጅ ያላየችውን አትናገርም" አሉ አያ አዝመራው፤ ደረታቸውን ነፍተው።

ምሥራቅ አንድ መስመር የተሰመረበት ካርቶን አሳየች። ቀጥላ ሦስት መስመር ያለበትን አነሣችና ከፊተኛው ጋር እኩል የሆነው የትኛው እንደሆነ ጠየቀች። ሁለት ጊዜ ሁሉም ትክክለኛውን መለሱ። በሦስተኛው ዙር እኩሉ ሦስተኛው መስመር መሆኑ ለማንም ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ ስድስቱ ተማሪዎች ተራ በተራ "ሁለተኛው" አሉ። ያለምወርቅ ካርቶኑን አየች፣ ጓደኞቿን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰችና "ሁለተኛው" አለች። በአራተኛው ዙርም እንዲሁ ተከተለቻቸው። በአምስተኛው ስድስቱ "አንደኛው" ሲሉ አያ አዝመራው ሳይታወቃቸው ብድግ አሉ።

"ኧረ ሦስተኛው ነው" አሉ።

ያለምወርቅ ዞር ስትል አባቷን አየች። ቀና ብላም "ሦስተኛው ነው፤ ቅድምም ተሳስቻለሁ" አለች።

ምሥራቅ ያን ጊዜ ምስጢሩን ገለጠች። ይህ ጥናት ከሰባ ዓመት በፊት በአሜሪካ ተደርጓል። ከተፈተኑት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ የተሳሳተውን ብዙኃን ተከትለዋል። ነገር ግን እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው እንኳ አብሯቸው ሲኖር፣ የሚከተሉት በእጅጉ ቀንሰዋል።

ከትምህርቱ በኋላ አባትና ልጅ ውጭ ቆሙ። አያ አዝመራው ተቆጥተዋል። የካርቶን መስመርና በእግዚአብሔር ስም የተማለ ምስክርነት አንድ አይደለም አሉ። ያለምወርቅ በአባቷ ፊት ቀና ብላ ስትከራከር ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

"አባዬ፣ እኔን ማንም አላስፈራራኝም። ዓይኔ ሦስተኛውን እያየ ይሉኝታ አፌን ያዘው። የእንየው ምስክሮችማ ነገ አብረው የሚያጭዱ ጎረቤታሞች ናቸው። የመጀመሪያው ከተናገረ በኋላ አምስተኛው ምን ይበል?"

"የአባትሽን ፍርድ ሐሰት ነው ልትይ ነው?"

"አላውቅም። እርስዎም አያውቁም። የምለው ይህንን ነው።"

ሽማግሌው ልጃቸውን ሳያስነሡ ወደ አዘና ተመለሱ።

ቤታቸው ደርሰው አምስቱን ምስክሮች ለየብቻ አስጠሩ። ያለምወርቅ በስልክ ስለ ሌላ ጥናት ነግራቸው ነበር፤ የጠያቂው ቃል የሰውን ትዝታ ያጣምማል የሚል። ስለዚህ "እንየው ሲቆርጥ አይተሃል ወይ?" ማለቱን ትተው "በዚያ ማለዳ ምን አየህ?" ብቻ አሉ። የፊተኛው ምስክር፣ አየነው የሚባለው፣ በጭጋግ ውስጥ ጋቢ የለበሰ ሰው ጀርባ አይቶ፣ እንየው መስሎት ነበር። የቀሩት አራቱ ምንም አላዩም። አምስት አፍ ተናገረ እንጂ ያየው አንድ ዓይን ነበር፤ እሱም በጭጋግ።

አያ አዝመራው ወደ እንየው ቤት ሄደው ይቅርታ ጠየቁት። እንየው ኮርቻ ከሚጠግንበት አልተነሣም።

"የተፈረደብኝ በሕዝብ ፊት ነው። ይቅርታውን ለምን እኔ ብቻ እሰማለሁ?" አላቸው።

የሽምግልና ጓደኛቸው አያ ይኸነው፣ በሕዝብ ፊት ይቅርታ መጠየቅ የሽማግሌን ክብር ያዋርዳል ብለው ሊከለክሏቸው ሞከሩ። "በሐሰት የቆመ ክብር ከሆነ ይውደቅ" አሉ አያ አዝመራው።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በዚያው ደጅ ቆመው መሳሳታቸውን ተናገሩ፤ በእንየው ላይ የፈረዱትንም አነሡ። ቀጥሎ አየነው ተነሣና ያየው ጀርባ ብቻ እንደ ነበር ተናዘዘ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው ተነሡ፤ አምስተኛውም ከተቀመጠበት አልቀረም። እንየው ሁሉንም ቆሞ ሰማ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር ምስክር ለብቻው ይሰማል፤ ያላየም "አላየሁም" ብሎ ሳያፍር ወደ ቤቱ ይገባል። ፍርዱ ዘግየት ይላል፤ የተፈረደበት ግን ቂም ይዞ አይሸሽም፤ ጎረቤትም ከጎረቤቱ አይቆራረጥም። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ ድፍረት ቢመስለንም፣ የእኛኑ ስሕተት ሊያቀናልን ይችላልና አናፍነው።

የፈረሱን ጭራ የቆረጠው ሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ወገኔ አንዳንድ ጊዜ እየመጣ ይጠይቃል። አያ አዝመራውም ቀድሞ ከአንደበታቸው ወጥቶ የማያውቀውን ቃል በአደባባይ ይመልሱለታል፦ "አላውቅም።"