የትኛው ጠንካራ?

በር ሠሪው ጋሽ መዶሻ የተገዛ ማጠፊያ በፌስታል አንጠልጥለው ወደ ሥራ ቦታቸው ሲመለሱ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ የእህታቸውን ልጅ ድንገት አገኙት። ወጣቱ ስለ ብረት፣ ስለ መስተዋትና ስለ ፕላስቲክ ባሕርይ በኮሌጅ ተምሮ በቅርቡ የተመረቀ ነው። እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን በብየዳ ጭስ የፈጁ፣ የሠሩትን በር ሌባ ቀርቶ በሬ አይገፋውም የሚባልላቸው ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ልባቸው ከሥራው ላይ አልነበረም። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው መውለጃዋ ደርሶ ስልኳን ይጠብቁ ነበር።

«አጎቴ፣ ሰዓት ስንት ሆነ? የእኔ ስልክ ባትሪው አልቋል» አለ ወጣቱ፣ ተሳስመው አግዳሚው ላይ ከተቀመጡ በኋላ።

ጋሽ መዶሻ ከሽርጣቸው ኪስ መቀርቀሪያ ያለው የላሜራ ሣጥን አወጡ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስልኬ ነዋ! ውስጡ ነው ያለው።»

«ምን አጥፍቶ አሰሩት?»

«ሳቅ አንተ! ትናንት መስተዋቱን አስቀየርኩና ማታውኑ ይህን ሠራሁለት። ዛሬ ጠዋት ከሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ወደቀ፤ ሣጥኑ አልተጫረም። ጠንካራን ነገር የሚጠብቀው ጠንካራ ነው።»

ወጣቱ አጎቱን ማስቀየም አልፈለገም። ስለዚህ ነገሩን እሳቸው ከሚያውቁት ጀመረው።

«አጎቴ፣ መሮ አግለው ውኃ ውስጥ ሲነክሩት ምን ይሆናል?»

«ይጠነክራል።»

«ወዲያው ይመቱበታል?»

«አብጃለሁ? መልሼ ለስለስ ባለ እሳት ካላሞቅሁት ጫፉ እንደ ብስኩት ይረግፋል።»

«ጠንካራ ነው ብለውኝ አልነበር?»

ጋሽ መዶሻ አንድ ቃል ለሁለት ነገር ሲያገለግል ኖሮ አላስተዋሉትም ነበር።

«የማይጫር ሌላ፣ የማይሰበር ሌላ ነው» አለ ወጣቱ። «የስልክ መስተዋት ቁልፍ አይጭረውም። ሲሠራም በቀለጠ ጨው ውስጥ ይነክሩታል። ከላዩ ትናንሽ ቅንጣቶች ይወጡና በቦታቸው ትላልቆች ይገባሉ፤ ለአራት ሰው በተሠራ አግዳሚ ላይ አምስት ሰው እንደ ማስቀመጥ ነው። ገጹ ስለሚጨናነቅ ስንጥቅ በቀላሉ አይከፈትበትም። አሸዋና የመሞረጃ ድንጋይ ብናኝ ግን ይጭረዋል። እርስዎ ደግሞ የሚይዙት በሽርጥዎ ኪስ ነው።»

«ከነብናኙ!» አሉ ኪሳቸውን እየደባበሱ። «እንዲህ ከተራቀቁ ታዲያ ለምን የማይሰበር አልሠሩም?»

«የማይሰበር የለም፣ አጎቴ። ለጭረት ሲያጠነክሩት ለውድቀት ይሰንፋል፤ ሁሉንም እያመጣጠኑ ነው የሚሠሩት። ላሜራው ደግሞ ስለማይለዝብ የወደቀበትን ምት እንዳለ ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል። ጠርዙ ከመስተዋቱ ከፍ ያለ የጎማ ሽፋን ግን ምቱን ራሱ ይውጠዋል።»

«ጫማ አልብሰው በለኛ!»

«አዎ፣ ጫማ። ቆይ ግን፣ ለምንድን ነው ሣጥኑን ደጋግመው ወደ ጆሮዎ የሚያስጠጉት?»

የሽማግሌው ድምፅ ዝቅ አለ። «ያቺ እህትህ ልትወልድ ነው። ‹እየደወልክ አታስጨንቀኝ፣ ሲጀምረኝ እኔው እደውላለሁ› አለችኝ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ዝም። አባት እንዲህ ይረሳል?»

«ከትናንት ማታ? ሣጥኑን ከዘጉ ወዲህ ማለት ነው?» ወጣቱ ከመቀመጫው ተነሣ። «አጎቴ፣ ይክፈቱት! የስልክ ሞገድ በብረት አያልፍም። የብረት አካል ያላቸው ስልኮች እንኳ ጠርዛቸው ላይ የፕላስቲክ መስመር ይተዉላቸዋል፤ ሞገዱ የሚገባበት በር እሱ ነው።»

ጋሽ መዶሻ መቀርቀሪያውን ፈለቀቁት። አዲሱ መስተዋት ከማዕዘኑ እስከ መሐሉ ተሰንጥቋል። ስንጥቁን ለማየት ግን ጊዜ አላገኙም፤ ስልኩ ያመለጡ ጥሪዎችን መልእክት እያከታተለ በእጃቸው ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ወዲያውም ጠራ።

«አባዬ! የት ጠፋህ? ሌሊቱን ሙሉ ስደውል! ማዋለጃ ክፍል ሊያስገቡኝ ነው፤ ድምፅህን ሳልሰማ አልገባም ብዬ ነርሷን አስቸገርኳት።»

«አለሁ ልጄ፣ አለሁ። ስልኩን አስሬው ነው። አይዞሽ፣ በርቺ።»

ሲጨርሱ በሽርጣቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ዕድሜዬን ሙሉ በር ስሠራ ኖሬ፣ ለገዛ ልጄ በር ሳልተውላት!»

ማታ ላይ የሴት ልጅ አያት ሆኑ። የላሜራው ሣጥን ዛሬ የብሎን ማስቀመጫ ነው። ስልካቸው መስተዋቱ ዳግም ተቀይሮ፣ የጎማ ሽፋን ለብሶ ብናኝ በማይደርስበት በጃኬታቸው የውስጥ ኪስ ይኖራል፤ ከዚያ ወዲህ ከአንድም ሁለቴ ቢወድቅም መስተዋቱ አልተሰበረም፣ የልጃቸውም ጥሪ አላመለጣቸውም። የዕውቀት ጥቅሙ ይኸው ነው፤ የያዙትን ሳይጥሉ ቦታ ቦታውን ያስይዛል። ደንበኛ መጥቶ «ጠንካራ አድርገው ይሥሩልኝ» ሲላቸው፣ ጋሽ መዶሻ መዶሻቸውን አስቀምጠው ይጠይቁታል፦

«የትኛውን ጠንካራ?»