ጓንት ታስሮልኝ ስለ ቆየሁበት ምሽት የሰጠሁት ቃል

የምስክር ስም፦ በፋብሪካም በሰፈርም የምትታወቅበት «ኮሌታ»
ዕድሜ፦ 48
ሥራ፦ የልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ ኮሌታ ክፍል
የትምህርት ደረጃ፦ 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀች
አድራሻ፦ ባለ ሦስት ፎቅ የኪራይ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ የመጨረሻው በር
ከተጠርጣሪው ጋር ያላት ግንኙነት፦ የቦክስ አሰልጣኟ ነው
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ ምሽት

ከሰው ጋር እንድቧቀስ ተፈቅዶልኛል። ይህን የተናገርኩት መርማሪው ገና «እንደምን አመሹ» ሳይለኝ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው መስመር እንዲሰፍርልኝ በመጠየቄ እዚሁ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ሰላምታ ተለዋውጠን፣ የምናገረው እውነት ብቻ መሆን እንዳለበት ተነግሮኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ተጠርጣሪው የተያዘው እኔን ቤት ውስጥ ቆልፎ ደብድቧል ተብሎ ነው። አልደበደበኝም። የቤቴን ቁልፍ ይዞ መሄዱ እውነት ነው፤ የሰጠሁት ግን እኔው ነኝ። ነገሩን ከሥሩ ካልተናገርኩ የሚያምነኝ ስለማይኖር ከሥሩ እጀምራለሁ።

ኮሌታ ክፍል ውስጥ ወሬ የለም። ያ ሁሉ የስፌት መኪና በአንድ ጊዜ ሲጮህ ማን ማንን ይሰማል? ሁሉም ዓይኑን መርፌው ላይ ተክሎ ይውላል። ቀኑን ሙሉ ያላወራሁትን ወሬ ማታ ይዤው እገባለሁ፤ ቤት ደግሞ የሚቀበለኝ የለም። ባለቤቴ ከሞተ ቆይቷል። ልጄ ከባድ መኪና እየነዳ ሌላ ከተማ ይኖራል፤ ሲመቸው ይደውልና «ማዘር፣ ሰላም ነሽ?» ይለኛል፣ ሰላም ነኝ እለዋለሁ፣ ይዘጋል። መርማሪው ወደ ጉዳዩ እንድመለስ ስላሳሰበኝ ተመልሻለሁ።

ቦክስ ቤቱ ከፋብሪካችን ጀርባ ባለ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ይገኛል። መጀመሪያ የሄድኩት ለቡጢ አልነበረም። የሚመቱት ጆንያ ተተርትሮባቸው ሰፊ ሲያፈላልጉ እኔን ጠቆሟቸው፤ ሄጄ በወፍራም ክር ሰፋሁላቸው። ስጨርስ አሰልጣኙ፣ ማለትም ተጠርጣሪው፣ ስፌቱ መያዙን በቡጢ እንድሞክረው ነገረኝ። ሞከርኩት። በማግስቱም ልሞክረው ሄድኩ። ልጁ ዕድሜው ከልጄ ብዙም ስለማይርቅ ማዘር ይለኝ ነበር፤ «እዚህ ውስጥ ማዘር አትበለኝ፣ ማዘርን ማን ይመታል?» ስለው እትዬ ወደ ማለት ዞረ። እትዬንም የሚመታ የለም፤ ግን ተውኩት።

በዚህ ሳምንት መግቢያ ላይ ለመጀመሪያው የልምምድ ግጥሚያ መድረሴን አሳወቀኝ። የምገጥመው በዕድሜ ከምትቀራረበኝ የመድኃኒት ቤት ሻጭ ጋር ነው። ሦስት ዙር ሙሉ አንድ ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ ዓይኑን ከእኔ ላይ ሳይነቅል ሊያየኝ ነው። ይህ ለምርመራው ምን እንደሚጠቅም ተጠይቄ፣ የደስታዬ ምክንያት እንዲታወቅ ነው ስል መልሻለሁ።

በዚያ ቦክስ ቤት አንድ ወግ አለ። የመጀመሪያውን የሚገጥም ሰው ከዚያ በፊት አንድ ምሽት ቤቱ ውስጥ ጓንት ታስሮለት ይቆያል። ሰው ሲደነግጥ ጣቱን ይዘረጋል፤ ጣት እንደሌለው እጁ የሚያምነው እንዲህ ሲቆይ ነው ይላሉ። ጓንቱ የሚታሰረው በክር ስለሆነ በራስ እጅ ማሰርም መፍታትም አይቻልም። ስለዚህ ከቤተሰብ አንዱ ያስራል፣ ውሃ ያጠጣል፣ ይፈታል። መድኃኒት ሻጯን ባሏ ሾርባ በማንኪያ ሲያጠጣት፣ አፍንጫዋን ሲበላት ልጆቿ በተራ ሲያኩላት እንዳመሸች ስታወራ ሁላችንም በሳቅ ሞተናል።

አሰልጣኙ እኔን ማን እንደሚፈታልኝ ጠየቀኝ። ማንም አልኩት። ለጥቂት ጊዜ ክሩን ሲያፍተለትል ቆየና «መጥቼ አስራለሁ እትዬ፣ መጥቼ እፈታለሁ» አለኝ።

ዛሬ ከሥራ እንደገባሁ መጣ። ሻይ ላፍላ ስለው እንቢ ብሎ፣ በሩ አጠገብ እንደቆመ ሁለቱንም ጓንት አሰረልኝ። የቤቴ በር ሲዘጋ ራሱ ይቆለፋል፤ ከውስጥ የሚከፈተው እንደ ሎሚ ድቡልቡል የሆነ ነገር በመጠምዘዝ ሲሆን ይህንንም በጓንት ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ከማሰሩ በፊት ቁልፉን ሰጠሁት። ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደሚመለስ ነግሮኝ ሄደ።

ብቻዬን ስቀር ከኮርኒሱ አግዳሚ ላይ ያንጠለጠልኩትን፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ የሞላሁትን የራሴን ጆንያ መምታት ጀመርኩ። ግራ ዓይኔ ሥር የሚታየውን የጠቆረ ነገር በተመለከተ ተጠይቄ፣ ማክሰኞ ዕለት ይኸው ጆንያ ተወዛውዞ ሲመለስ ያገኘኝ መሆኑን አስረድቻለሁ። ስመታ ደግሞ እናገራለሁ። «እጅሽን አንሺ፣ ዛሬም ዝም ብለሽ ልትመቺ ነው?» ብያለሁ። «ብታለቅሺም አልለቅሽም» ማለቴንም አልክድም። በመሀል ስልኬ ጠራ። ልጄ ነበር። በአፍንጫዬ ላነሳው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ደጋግሞ ደወለ፣ ተቋረጠ። እኔ ግን የምነግረውን ጀምሬው ስለነበር ለጠረጴዛው ነግሬ ጨረስኩት።

አሰልጣኙ ሊመለስ ጥቂት ሲቀረው በሩ ተንኳኳ። ፖሊሶችና ከግድግዳዬ ማዶ የሚኖሩት ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። መምህርቷ «ልጄ፣ አይዞሽ፣ ክፈቺ» አሉኝ። ጓንት ስላደረግሁ መክፈት እንደማልችል፣ ቁልፉ ሰውየው ጋ እንዳለና አሁን እንደሚመጣ ተናገርኩ። ከውጭ መምህርቷ ቀስ ብለው «አስፈራርቷታል» ሲሉ ሰማሁ። ወዲያው አሰልጣኙ እያፏጨ ደረጃውን ሲወጣ ተያዘ፤ ቁልፌም ከኪሱ ተገኘ። ይህን ሲያዩ ደብዳቢ ቢመስላቸው አልፈርድባቸውም።

በሩ ሲከፈት ሁለቱ ፖሊሶች፣ መምህርቷ፣ ከላይ ፎቅ የመጡ ባልና ሚስት፣ የጥበቃው ሠራተኛም ገቡ። ቤቴ ጠባብ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። እንዲቀመጡ ብለምናቸውም ያለኝ ወንበር ሁለት ብቻ በመሆኑ ሁሉም ቆመው ቀሩ። ፖሊሶቹ ጓንቱን ሊፈቱልኝ ሞክረው ቋጠሮው እንቢ አላቸው፤ በመቀስ እንቁረጠው ሲሉ የክለቡ ንብረት ነው ብዬ ተከላከልኩ። በመጨረሻ ካቴና በገባበት እጁ እሱው ራሱ ፈታልኝ። ግጥሚያው እንዳይቀርብኝ የሰጋሁት ያኔ ነው፤ እሱ ከታሰረ የሚዳኘን ሰው የለም፣ ክለቡም ይዘጋል።

ከዚያ መርማሪው ደርሶ፣ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ ከማን ጋር እናገር እንደነበር ጠየቀኝ። ከራሴ ጋር አልኩ። ከእኔ ሌላ በቤቱ ውስጥ ማን እንደነበር ደግሞ ጠየቀኝ። የሚከተለው በአነጋገሬ እንዲጻፍ ሆኗል፦ በተባለው ጊዜ በቤቱ ውስጥ ከእኔ በስተቀር ማንም አልነበረም። ትናንትም አልነበረም። መርማሪው የትናንቱ አያስፈልግም ቢለኝም ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ይህን ሲሰሙ መምህርቷ አንዱ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «አምስት ዓመት ሙሉ እሰማሽ ነበር» አሉኝ። «ስልክ የምታወሪ ነበር የሚመስለኝ። ምን ያህል ዘመድ ቢኖራት ነው እያልኩ እቀናብሽ ነበር። ዛሬ ግን ስልኩ እየጠራ አንቺ ትናገሪያለሽ። ሰው ገብቶባታል አልኩ።»

እንደሚሰሙኝ ባውቅ ጮክ ብዬ እናገር እንደነበር ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸው በሐሰት ጥቆማ እንዲጠየቁ እፈልግ እንደሆነ ተጠይቄ አልፈልግም ብያለሁ። ያደረጉት ነገር ጥፋት ከተባለ ከሰው የደረሰብኝ ጥፋት ሁሉ እንዲህ ቢሆን እወድ ነበር።

መርማሪው ቃሌን ጮክ ብሎ አንብቦልኛል፤ በቤቱ የነበሩትም ሰምተዋል። የጨመርኩት እንጂ ያጎደልኩት የለም፤ የጨመርኩትም እውነት ነው። በዚህም መሠረት ተጠርጣሪው የሚያስይዘው ነገር ባለመገኘቱ ካቴናው በፊቴ ተፈቶለታል። እጁን እያሻሸ «እትዬ፣ ከእርስዎ ጋር የሚገጥም ሰው ጠበቃ ይያዝ» ብሏል።

የምስክር ፊርማ፦ ____________
ቃሉ ሲሰጥ የሰሙ፣ ጎረቤት፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፦ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ____________

ከፊርማ በኋላ በምስክሯ ጥያቄ የተጨመረ፦ መምህርቷ፣ የላይ ፎቅ ባልና ሚስት፣ የጥበቃው ሠራተኛ፣ ሁለቱ ፖሊሶችና ተረኛ ካልሆነ ይህን የሚጽፈው መርማሪ፣ ለመቅረት የምሰማው ሰበብ የለም፣ ወንበር ክለቡ ውስጥ ሞልቷል፣ ግጥሚያዬን እንድታዩና ብሸነፍም ባሸንፍም ከዚያ በኋላ አብረን እንድንደሰት ሁላችሁም መምጣት ያለባችሁ በመጪው እሑድ ጠዋት ነው።