አምባዛው በእግሩ የመጣ ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ኢሕአዴግ ገብቶ ሰነባብቶ፣ ገበሬው ሁሉ ኩሬ ቆፍር የተባለ ጊዜ፣ ከፍኖተ ሰላም በታች ያለን ሰዎችም ቆፈርን። እኔ ባሌ ሞቶብኛል፤ ደቦ ጠርቼ አስቆፈርኩ። ከእኔ በላይ ዳገቱ ላይ ደሴ የሚባል ጎረቤት ነበረኝ፣ እሱም ቆፈረ። እና ለደሴ ውኃው ብቻ አልበቃውም፤ ብር ወደሚባለው ወንዝ ወርዶ አምባዛ አጥምዶ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ በአህያ ጭኖ አመጣ። አምባዛ የሚባለውን ዓሣ ታውቁት የለ? ቅርፊት የለው፣ ቆዳው ጥቁር ልሙጥ፣ እንደ ድመት ጢም ያለው። ያን ሁሉ መንገድ ጆንያ ውስጥ ተጠቅልሎ መጥቶ አልሞተም እኮ። ኩሬው ውስጥ ቢለቀው ተምዘግዝጎ ገባ። ቆሜ አየሁ፣ ገረመኝ።

ታዲያ ክረምት ገባ፣ ነሐሴ ሆነ፣ ፍልሰታ ተያዘ። ደሴ ኩሬውን ቢያይ ዓሣው ጎደለበት። ወርዶ የእኔን ቢያይ፣ አምባዛ ብቅ ይልና አየር ጎርሶ ይጠልቃል፣ ብቅ ይልና ጎርሶ ይጠልቃል። እኔም አይቼዋለሁ፤ ከየት እንደመጣ ግን እግዜር ይወቀው፣ ዝናብ ያወረደው መስሎኝ ነበር። ደሴ ግን ለአገሩ ሁሉ፣ አለሚቱ ዓሣዬን ሰረቀች፣ ሰርቃም በፍልሰታ ትበላዋለች ብሎ አወራ። እናንተዬ፣ ሌባ መባሉስ ይሁን፤ ጾም ገዳፊ መባል! ወሬው ቡሬ ገበያ ደርሶ ተመለሰ። የማርያም ጽዋ ማኅበርተኞቼ ዓይኔን ማየት ተዉ። ተራዬ ደርሶ ጠላ ጠምቄ ብጠብቅ፣ ተራሽ ተዘሏል አሉኝ። ዛሬ ብስቅም ያን ቀን አልቅሻለሁ።

ታዲያ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ እኩሬዬ አጠገብ ዋርካው ሥር። ሰብሳቢው የነፍስ አባቴ መምሬ ጥሩነህ ናቸው። ደሴ ነጭ ጋቢ ለብሶ እንደ ሙሽራ መጣ። እኔ አልወሰድኩም አልኩ። እሱ፣ ዓሣ እግር የለው፣ ታዲያ ማን አመጣው አለ። ሽማግሎቹም እውነት ነው፣ ዓሣ እግር የለውም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። መምሬ አዩኝና፣ "እንግዲህ አለሚቱ፣ ታቦት ፊት ቆመሽ ትምያለሽ" አሉ።

እኔ ደግሞ መሐላ እፈራለሁ። በእኛ አገር በእውነትም ተማለ በሐሰት መሐላ ልጅ ላይ ይደርሳል ይባላል። ዝም አልኩ። ደሴም ዝምታዬን ይዞ፣ አያችኋት አለ።

ይኼኔ ዝናቡ መጣ፣ እንዴት ያለ ዝናብ መሰላችሁ። ከሳሽም ተከሳሽም ዳኛም ሮጠን ቤቴ ገባን። ሲያባራ መምሬ ቀድመው ወጡ፣ ወጡና ሣሩ ላይ ቆመው ቀሩ። በስመ አብ ይላሉ፣ ያማትባሉ፣ ደግሞ ያማትባሉ። ምን ሆኑ ብለን ብንወጣ፣ አምባዛው ከደሴ ኩሬ ወጥቶ፣ በእርጥቡ ሣር ላይ፣ የደረቱን ክንፍ እንደ ክርን እየተመረኮዘ፣ ወገቡን እየሰበቀ፣ ቁልቁል ወደ እኔ ኩሬ ይመጣል። አንድ ብቻ መስሏችሁ? ሌላም ተከትሎታል። አፉን ከፍቶ አየር ይጎርሳል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይሄዳል፣ ልክ ገበያ እንደሚወርድ ሰው።

ሁሉም ያማትባል። እኔ ግን ምላሴ ተፈታ።

"መምሬ፣ ከእኔ በፊት አምባዛውን ያስምሉት።"

ሽማግሎቹን ሳቅ ገደላቸው። ደሴ ሊይዘው ተወረወረ፤ አምባዛ ደግሞ ሙልጭልጭ ነው፣ ከእጁ ሾለከና ኩሬዬ ገባ፣ ደሴ በዚያ በነጭ ጋቢው ጭቃው ላይ ተነጠፈ። መምሬም ፈረዱ፤ ሰው ያነሣው ስርቆት ነው፣ በራሱ የሄደ ግን ኩብለላ ነው፣ ዓሣው ባለበት ይቅር አሉ። በኋላ የብር ወንዝ ዳር ሰዎች ነገሩን፤ ለካ የደሴ ኩሬ ጠቦ ውኃው ገምቶ ኖሯል። አምባዛ ሲጠበው በዝናብ ወጥቶ ሰፊ ውኃ ይፈልጋል፣ በበጋም ውኃው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተወሽቆ ይቆያል አሉን።

በማግሥቱ ደሴ ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ላይ ወደቀ። ይቅር አልኩት። ማኅበርተኞቼም መጥተው ጠላዬን ጠጡ።

ፍልሰታ ሲፈታ ትልቁን አስጠምጄ፣ በርበሬና ሽንኩርት አብዝቼ ሠርቼ ለደሴ ላክሁለት። ከየት መጣ ብሎ አስጠየቀ። "ከአንተው፣ በእግሩ" በሉት አልኩ።

"እማማ፣ ታዲያ በላው?"

"እንጃ ልጄ። ብቻ ሳህኑ ሲመለስ መታጠብ አላስፈለገውም።"